የአንሺው ስም፦ ጦጣ

ንዴታም ነኝ። ይኼን አስቀድሜ መናገሬ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ጣጣ መነሻ የእኔ ንዴት ነው የሚሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ አሉ። ግማሹን እውነታቸውን ነው። ሌላው ግማሽ የመሥሪያ ቤታችን ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ካሜራ፣ ማኅተምና ንብረት ክፍል ያለው ነው ካልኩ ይበቃል። ሥራዬ ፎቶ ማንሳትና ዜና መጻፍ ነው። ስብሰባ አነሳለሁ፤ ችግኝ ተከላ አነሳለሁ፤ አዲስ ትራክተር ሲመጣ ሪባን የሚቆርጡትን አነሳለሁ። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ሰሊጥ አጨዳ ለማንሳት ወደ ማሳ እወርዳለሁ።

በዚያ ጥቅምት የሄድኩት ወደ መተማ ዮሐንስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ መንደር ነበር። ባለማሳዎቹ በወጣትነታቸው ከደጋ ወርደው የሰፈሩ ባልና ሚስት ናቸው። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። ባልየውን አባባ፣ ሚስትየዋን እማማ እላቸዋለሁ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቆሟል፤ ሂላ የምንለው ይኼን ነው። ሂላው ደርቆ አፉን ከከፈተ ፍሬውን መሬት ላይ ይበትነዋል፤ ነገ አይባልም። ስለዚህ አባባ ከሠራተኞቻቸው ጋር ማሳው ማዶ ሸራ አንጥፈው ያራግፋሉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። እማማ ደጃቸው ላይ፣ ግራሩ ጥላ ሥር፣ ለሠራተኞቹ የሚጠጣ የከረከዴ አበባ ይዘፈዝፋሉ። አጠገባቸው አንገረብ፣ ማለትም በጠፍር የተጠለፈች አልጋቸው፣ ወጥታለች። ከግራሩ ግንድ ላይ ደግሞ በረዥም ገመድ የታሰረች ጦጣ አለች።

ጦጣዋን ያሳደጓት እማማ ናቸው። እናቷ ማሽላ ስትዘርፍ ተገደለች፤ ይቺ ገና የምትጠባ ነበረችና ሆዷ ላይ እንደተጣበቀች ተገኘች። እማማ «እሷ ምን በደለች?» ብለው ወተት በጨርቅ እየነከሩ አጠቧት። መንደሩ ሁሉ በወንጭፍ ጦጣ ሲያባርር እሳቸው ቤታቸው ጦጣ ይቀልባሉ ተብለው ታምተዋል። ግድም አልነበራቸው።

ካሜራዬን አንገረቡ ላይ አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ዞር አልኩ። በቃ፣ ይኼው ነው ጥፋቴ። መለስ ስል ጦጣዋ የካሜራውን ማንገቻ አንገቷ ላይ አጥልቃ ቅርንጫፍ ላይ ወጥታለች።

«ኧረ በማርያም! የመንግሥት ካሜራ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጦጣ መንግሥትን የት ታውቀዋለች? ካሜራውን ታገላብጠዋለች፣ መስታወቱን ትልሰዋለች፣ ጣቷ የገባበትን ቁልፍ ሁሉ ትጫነዋለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እኔ ከሥር ሆኜ ከሥራ ስባረር ይታየኛል። እማማ ግን ነጠላቸው ከራሳቸው ወድቆ፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ «ነይ እናቴ፣ ነይ የኔ ቀበጥ፣ አምጪው» እያሉ ይስቃሉ። በስንት ልመና፣ ሦስት ቴምር ተቀብላ መለሰችልን።

ያነሳችውን ሳይ አብዛኛው ሰማይ ነው። ቅጠል አለ፣ የራሷ ጣት አለ፣ ጭራዋ አለ። አንዱ ግን እማማ ናቸው። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ነው። እጃቸው ወደ ካሜራው ተዘርግቷል፣ ፊታቸው ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ከኋላቸው ሂላው ተደርድሯል፣ አፋቸው እስከ ጥግ በሳቅ ተከፍቷል። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ካሜራ ተሸክሜ ስዞር እንዲህ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ሰው እኔን ሲያይ ይገተራል፤ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎ ወታደር ይሆናል። ቀናሁ። በጦጣ ቀናሁ፤ ምን ይደረግ።

ለእማማ በካሜራዋ ትንሽ መስኮት አሳየኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ኧረ ጥርሴ! አጥፊው፣ አጥፊው!» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እስቲ ድገሚና አሳዪኝ» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ ካዩት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሳጥበሽ አምጪልኝማ፣ ለሱ ላሳየው» አሉኝ፤ በአገጫቸው ወደ ማሳው ማዶ እየጠቆሙ።

«እሺ እማማ፣ በቅርቡ» አልኳቸው።

አላሳጠብኩትም። ሰበብ የለኝም። ፎቶ ቤቱ ከቢሮዬ መንገድ ተሻግሮ ነው፤ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። ነገ ዛሬ ስል ኅዳር አለፈ።

ታኅሣሥ ላይ ከበላይ አካል የፎቶ ውድድር ማስታወቂያ መጣ። አለቃዬ ካሜራውን ተቀብሎ ያለኝን ፎቶ ሁሉ አገላበጠና እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺን ነው!» አለ። ቅጹን አወጣ። ቅጹ ላይ «የአንሺው ሙሉ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ አለቃዬም ብዕሩን መዥረጥ አድርጎ የራሱን ስም መጻፍ ጀመረ።

ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ ለራሴ ሳወራ ግን አንተም አይበዛበትም ወይ እላለሁ። «ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ካሜራው የመሥሪያ ቤቱ ነው። መሥሪያ ቤቱን የምወክለው እኔ ነኝ» አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

«እርስዎኮ በዚያ ቀን እዚህ ስብሰባ ላይ ነበሩ!»

«አንቺስ አንስተሽዋል?»

ይኼ ነው የያዘኝ። «አላነሳሁትም» አልኩ።

«ታዲያ ማን አነሳው?»

«ጦጣ!»

ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንግዲያው ጦጣ ብለሽ ጻፊያ» አለኝ።

ጻፍኩ! ደሜ ፈልቶ ነበር። ሌላ ቅጽ ስቤ፣ ስም፦ ጦጣ፣ የአባት ስም፦ አይታወቅም፣ አድራሻ፦ ግራር ላይ፣ ብዬ ሞላሁት። በዚያ ቢያበቃ ቀልድ ነበር፤ ቀድጄ እጥለው ነበር። እኔ ግን ይዤው በቀጥታ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሳታነበው ቁጥር ሰጠችው፣ ቀን መታችበት፣ ፋይል አስገባችው። የእኛን አገር ቢሮ የሚያውቅ ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መዝገብ ቤት ቁጥር የሰጠው ወረቀት ከዚያ በኋላ የማንም ንዴት አይደለም፣ ጉዳይ ነው። ጉዳይ ደግሞ መልስ ይፈልጋል። መልስ ለመስጠት ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ አለቃዬ፣ የሕግ ባለሙያችንና የተፈጥሮ ሀብት ጉዳይ የሚከታተል አንድ ባልደረባ። የመጀመሪያ ሥራቸው ፎቶው ያለበትን ሜሞሪ ካርድ ከእኔ መቀበል ሆነ። «አከራካሪ ንብረት ነው» ተባለ። የጣት ጥፍር የምታህል ካርድ በሞዴል 19 ደረሰኝ ንብረት ክፍል ገቢ ሆነች፤ ፖስታ ውስጥ ታሸገች፤ ማኅተም ተደረገባት። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። የቢሮው ኮምፒዩተር በቫይረስ ከሞተ ቆይቷል፣ ኔትወርክ እንደልብ የለም፣ እኔም ሰነፍ ነኝ።

ጥር ላይ አንዴ ተሰበሰቡ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ እኔም ተቀመጥኩ። ጨጓራዬ ያን ቀን ነው የተላጠው። አለቃዬ ካሜራው የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ፎቶውም የመሥሪያ ቤቱ ነው አለ። እኔ ብዕር ያበደረ ሰው የደብዳቤው ጸሐፊ አይባልም ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ «ቃለ ጉባኤ ያዥ ሐሳብ አይሰጥም» ተባልኩ። የተፈጥሮ ሀብቱ ሰው ፎቶው የጦጣዋ ባለቤቶች ሊሆን ይችላል ብሎ ጀመረና መሀል ላይ ደነገጠ። «ቆይ፣ ጦጣ የዱር እንስሳ ነው። የዱር እንስሳ የግል ባለቤት የለውም። እነዚህ ሰዎች እንዴት አሰሯት?» አለ። የሕግ ባለሙያው ስልኩን እየነካካ፣ «ነገሩ ጥናት ይፈልጋል» አለ።

እነሆ፣ ፎቶው የማን እንደሆነ መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ጦጣዋ የማን እንደሆነች በአምስት ደቂቃ ወሰኑ። የመንግሥት ናት ተባለ። ባስቸኳይ ወደ ዱር እንድትለቀቅ፣ ካልተለቀቀች በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ ለባለማሳዎቹ ደብዳቤ በቀበሌ በኩል ይጻፍ ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተቃውሜያለሁ፤ ግን ቃለ ጉባኤ ያዥ ሐሳብ አይሰጥም። ፎቶውን በተመለከተ፣ ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ካርዷ እንዳትነካ ተብሎ ተበተኑ። የውድድሩ ቀን አለፈ። ኮሚቴው ዳግም አልተሰበሰበም።

ሰኔ መግቢያ ላይ አባባ ቢሮዬ መጡ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ራሳቸውን ተላጭተው በሩ ላይ ሲቆሙ ሐዘን እንደሆነ ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ግን ለመገመት ፈራሁ።

«አረፈችብኝኮ ልጄ» አሉኝ። «ወባ ነው አሉ። ሦስት ቀን ተኛች፣ በቃ።»

ወንበር አቀረብኩላቸው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ያችን ፎቶ ፈልጌ ነው የመጣሁት» አሉ። «ጦጣዋ ያነሳቻትን። ልጅቷ ታመጣልኛለች፣ ታያለህ እያለች ትነግረኝ ነበር። ለአርባዋ ዘመዶቿ ከደጋ ይመጣሉ፤ ከወረድን ያላዩዋት አሉ። ፊቷን አይተው ያልቅሱ ብዬ ነው። ሌላ ፎቶ የለኝም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ላብ በልቶታል፤ ጥላ ነው የሚመስል።» ጉልበታቸውን አሹ። «ደሞ ልንገርሽ፣ እኔም እየጠፋችብኝ ነው። ዓይኔን ስጨፍን ድምጿ ይመጣል፣ ፊቷ ግን አይመጣም። ይኼን ሁሉ ዘመን አብሮ ኖሮ እንዲህ ይሆናል እንዴ?»

«አይዞዎት አባባ፣ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። ደግሜ ቃል ገባሁ፤ ያፈርኩትን ያህል ገባሁ። ሲወጡ ጨንቆኝ፣ «ጦጣዋስ ደህና ናት?» አልኳቸው።

«ለቀቅኋት» አሉ። «በወረቀቱ መሠረት ነዋ።»

አርባው ሊደርስ ስድስት ቀን ነበር የቀረው። በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ጋ ገባሁ። ካርዱ ይከፈት፣ ሴትየዋ ሞተዋል፣ አርባቸው ነው፣ አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከንፈሩን መጠጠ፣ ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ፣ «ግን ኮሚቴው ሳይወስን እንዴት ብዬ?» አለ።

«ይወስናላ!»

«የሕግ ባለሙያው ጥናቱን አላቀረበም።»

የሕግ ባለሙያው ጋ ሮጥኩ። ሻይ ቤት አገኘሁት። «ጥናቱኮ አልቋል» አለኝ እየተዝናና። «የቅጂ መብት አዋጁ የሥራ አመንጪ የሚለው ሰውን ነው። ጦጣ ሰው አይደለችም። ስለዚህ ፎቶው አመንጪ የለውም፤ አመንጪ ከሌለው የቅጂ መብት የሚባል ነገር የለም። ማንም አሳትሞ ሊጠቀምበት ይችላል። በውጭ አገርም እንዲህ ያለ ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ ጦጣው አላሸነፈም ሲሉ አንብቤያለሁ።»

«መቼ ነው ይኼን ያወቅኸው?»

«ጥር ላይ። ለመጻፍ የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

አበስኩ ገበርኩ! ሻዩን ሳልደፋበት መውጣቴን እስከ ዛሬ እንደ ጽድቅ እቆጥረዋለሁ። እጁን ይዤ፣ በግድ ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ አለቃዬ ፊት አቆምኩትና ያንኑ አስደገምኩት። አለቃዬ በጥሞና አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ፤ የማንም አይደለም ማለት ነው» አለ።

«አዎ! ስለዚህ ይስጡኝ።»

«የማንም ካልሆነ በማን ስም ነው ወጪ የማደርገው?» አለኝ። «ባለቤት ቢኖረው ባለቤቱ ፈርሞ ይወስዳል። ባለቤት የሌለውን ነገር ለማን ብዬ አስረክባለሁ? ነገ ኦዲት ቢመጣ?»

አለቀስኩ። ቢሮ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ በንዴት። የሕግ ባለሙያው ጣራ ጣራ ያያል። አለቃዬ መሐረብ ሰጠኝ፤ ካርዷን ግን አልሰጠኝም። አራት ቀን ሙሉ እንዲሁ ከበር በር ስመላለስ ሰነበትኩ፤ አንዱ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው።

በአምስተኛው ቀን፣ የአርባው ዋዜማ ማለት ነው፣ ንብረት ክፍል ገብቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት፤ እስኪርቢቶ እንኳ ያለፊርማ አትሰጥም። እንጣላለን። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ነገርኳት። ድንገት አቋረጠችኝ።

«ቆይ፣ አንቺ የምትጠይቂው ፎቶውን ነው ካርዱን?»

«ፎቶውን ነዋ!»

«እሱ ነዋ ችግርሽ። ፎቶ እኔ ጋ የለም። እኔ ገቢ ያደረግሁት አንድ ፍሬ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ እሱ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ነው፣ ባለቤት አለው። ነገ የመስክ ሥራ አለሽ?»

«አለኝ» አልኩ።

የዕቃ ማውጫውን ሞዴል 22 ቅጽ አወጣች፤ «ለመስክ ሥራ» ብላ ሞላች፤ አስፈረመችኝ። ፖስታውን ከነማኅተሙ ሰነጠቀችው። «የካቲት ላይ ብትጠይቂኝ የካቲት ላይ እሰጥሽ ነበር» አለችኝ። ልስማት ወይስ ልጩህ፣ አላወቅሁም። ስድስት ወር! ካርዷ ከእኔ ወንበር ዐሥር እርምጃ በማትርቅ ካቢኔት ውስጥ ነበረች።

ፎቶ ቤቱ አሳድጎ አተመልኝ፤ ላሚኔት አደረገው። ልጁ ከሥር የአንሺ ስም ልጻፍ ወይ ሲለኝ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም።

በማግስቱ እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተሳፍሬ ወረድኩ። ከዋናው መንገድ መንደሩ ድረስ በእግሬ ነው፤ ዝናቡ ጥሎ ጥቁሩ አፈር ጫማዬን ነቅሎ ሊያስቀር ነበር። ፎቶውን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤዋለሁ። ስደርስ ዳሱ ሞልቷል። ካህናቱ ጨርሰው ሰው ምግብ ቀርቦለታል። ከደጋ የመጡት ዘመዶች አንድ ጥግ ተቀምጠዋል፤ የእማማ እህት መካከላቸው አሉ፤ አፍንጫቸውና ግንባራቸው ቁርጥ እማማን ነው። አባባ አንገረቧ ላይ ናቸው።

ሰጠኋቸው። ፌስታሉን ቀስ ብለው ፈቱት። መጀመሪያ በእጃቸው መዳፍ ጠረጉት፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ አዩት። እህትየዋ «እስቲ ወዲህ በለው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ አባባ አልሰሙም። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ፎቶውን አቅርበው አዩ፣ አርቀው አዩ።

«ምኑን ነው እንዲህ የምታየው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ጦጣዋን ነው አባባ። ካሜራው እሷ ጋ ነበር።»

«ጦጣዋን» አሉ። «እኔኮ ዕቃ መስላኝ ነበር። እንደ ድመት፣ እንደ ዶሮ። ያ ወረቀት ሲመጣ ፈራሁ፤ በማዳበሪያ ከረጢት ከትቼ፣ ወንዙን አሻግሬ፣ ጣልኳት። ስመለስ ሚስቴ ገመዱን አጣጥፋ ይዛ ደጅ ተቀምጣለች። ሄደች? አለችኝ። ሄደች አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ስለ ጦጣዋ አንስታ አታውቅም። እኔም ረሳችው ብዬ ነበር።» ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ይኼን ቀድሜ አይቼው ቢሆን፣ ከፈለጉ ይሰሩኝ እል ነበር እንጂ አልወስድባትም ነበር።»

«ወረቀቱን ያመጣሁብዎ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሰው እየሰማ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅጹን፣ መዝገብ ቤቱን፣ ንዴቴን፣ በሁለት ወር ውስጥ ያላሳጠብኩትንም። እንዲቆጡኝ ነበር የፈለግሁት። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

አልተቆጡም። ፎቶውን ለእህትየዋ አቀበሉ፤ ዱላቸውን አነሱ፤ በዚያ ዝናብ ከዳሱ ወጥተው በወንዙ መንገድ መሄድ ጀመሩ። ተከትያቸው ሮጥኩ፤ ጭቃው ይይዘኛል። «አባባ፣ ሰው ጥለው ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ጦጣዋን አንዴ ልጥራት» አሉኝ፤ ሳይዞሩ።